ለኅብረት ሱቅ የመጣ ዓሣ

በደርግ ዘመን ልደታ የኖረ ሰው ድንጋጤ ምን እንደሆነ የሚነግረው አያስፈልገውም። ጠዋት የግቢያችንን በር ስንከፍት ደጃፉ ላይ ምን እናይ ይሆን እያልን የምንከፍትባቸው ዓመታት ነበሩ። እነዚያ አልፈው ኑሮው ወደ ሰልፍና ወደ ስብሰባ ሲዞር፣ ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያች ቅዳሜ ደንግጬ አላውቅም፤ ያስደነገጠኝም እናቴ በሳህን ይዛው የመጣችው የዓሣ እንቁላል ነው።

የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነበርኩ። ትምህርቴን የጨረስኩት ሶሻሊስት አገር ነው። እዚያ ሳልመን የሚባል ዓሣ ከባሕር ተነሥቶ፣ ፏፏቴ እየዘለለ፣ በተወለደበት ወንዝ እንቁላሉን ሊጥል ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁ። አገሬ ስመለስ የጣና ነጭ ዓሣም ከዚያ ብዙ እንደማይርቅ አወቅሁ። ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትቶ ወንዙን ሽቅብ ይያያዘዋል፤ ጠጠር ያለበት ስስ ውሃ ላይ ሲደርስ እንቁላሉን ይጥላል። መከራው መንገድ ላይ ነው። አንዱ የወንዙን አፍ በመረብ ይዘጋበታል። ሌላው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ ይበትንና ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ ይለቅመዋል። በየዓመቱ የሚመለሰው ዓሣ እየቀነሰ ሄደ። የኔ ሥራ ከሐይቁ ዳር ሰዎች ጋር ተስማምቶ በመራቢያው ወራት ወንዙን ማስዘጋት ነበር።

የሐይቁ ዳር ሰዎች ስል ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩትን ማለቴ ነው። ሐይቁ ላይ ከማንም በፊት የነበሩ ናቸው ይባላል። ጎረቤቶቻቸው የሚጠሯቸውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ስድብ አድርገውታል። ሙስሊሞች ናቸው፣ ግን አያቶቻቸው ጉማሬ በልተዋል ተብሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሯቸው ማዕድ አይቀርብም ነበር። እኔ ከሽማግሌያቸው ጋር ከአንድ ትሪ የበላሁ ቀን የወረዳው ሰዎች ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። ይጥቆር፣ ምን ቸገረኝ።

ሽማግሌው ረጅም፣ ከሲታ፣ ለምንም የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ያገኘኋቸው ቀን፣ ዓሣው ወደ ተወለደበት ወንዝ እንደሚመለስ እጄን እያወራጨሁ ሳስረዳቸው አዳመጡኝ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። ስጨርስ፣ «ታዲያ እኛ ከሐምሌ እስከ መስከረም ወንዙን አራስ ነው የምንለው ለምን ይመስልሻል?» አሉኝ።

በእነሱ ዘንድ ወንዙ አራስ በሆነበት ጊዜ መረብ ይዞ የሚገባበት የለም። አራስ ቤት ማን እየተንጋጋ ይገባል? እንቁላል የሚጣልባቸውን ቦታዎች ስም ደግሞ በባዕድ ፊት አይጠሩም። አባት ለልጁ ያሳየዋል፣ በቃ።

ለኔ ግን ሽማግሌው አሳዩኝ። ሁለት ክረምት ከተመላለስኩ በኋላ፣ በበጋው፣ ግማሹን በታንኳ ግማሹን በእግር ወስደው አምስት ቦታዎች አንድ በአንድ አሳዩኝ። ስማቸውንም ነገሩኝ። የያኔውን ደስታዬን ዛሬም አልረሳውም፤ ዲፕሎማዬን ስቀበል እንኳ እንዲያ አልሆንኩም። ስንመለስ፣ «የት ነው የምትጽፊው?» አሉኝ።

«ስምምነቱ ላይ።»

«ማን ያነበዋል?»

«የሚጠብቀው ሰው ነዋ፣ አባባ» አልኩ በሙሉ አፌ።

መሥሪያ ቤት ስመለስ ካርታ ያልተያያዘበት ስምምነት አይጸድቅም ተባልኩ። «ቦታው የማይታወቅ ወንዝ እንዴት ይዘጋል?» አለኝ አለቃዬ። እውነቱን ነው አልኩ። አምስት ነጥብ በቀይ ቀለም አድርጌ፣ ከየነጥቡ አጠገብ ስሙን ጽፌ፣ ፈርሜ በሦስት ኮፒ አስገባሁ። አንዱ ኮፒ ወደ ዕቅድ ክፍል እንደሚሄድ አውቅ ነበር። በዚያ ዘመን ወደ ዕቅድ ክፍል የማይሄድ ወረቀት አልነበረምና ነገሬም አላልኩት።

ነሐሴ ላይ ስምምነቱ ይፈረም ተባለና ሽማግሌው አዲስ አበባ ተጠሩ። ፊርማው ሰኞ ነው። እሳቸው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገቡ። አውቶቡስ ተራ ተቀብያቸው፣ በተክለ ሃይማኖት በኩል በእግር ወደ ልደታ ወሰድኳቸው። ከተማ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ፎቁን አላዩትም፣ መኪናውንም አላዩትም። መንገድ ዳር በቦዩ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ተከትለው ሄዱና፣ «ይኼ ውሃ መጨረሻው የት ነው?» አሉኝ። ልደታ ተወልጄ፣ ልደታ አድጌ፣ አላውቅም ነበር።

እናቴን የጨነቃት የሚበሉት ነገር ነው። ፍልሰታ ነበር፤ ቤታችን ሥጋ የለም። ቢኖርም እሳቸው ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም። «ለታላቅ ሰው አራት ቀን ሙሉ ሽሮ ላቀርብ ነው?» እያለች ጓዳ ውስጥ ትንቆራጠጣለች። «ዓሣ ባገኝ! ዓሣ አይታረድ፣ አይባረክ፣ እስላም ነህ ክርስቲያን ነህ አይልህ።» እሷ ራሷ በፍልሰታ ዓሣ አትቀምስም፤ የንስሐ አባቷ አይፈቅዱላትም። ቢሆንም ሰው አብሯቸው እንደማይበላ ነግሬያት ስለነበር፣ እኛ ቤት ከአንድ ትሪ መበላት አለበት ብላ እልህ ይዟታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌውን ላስመዘግብ ቀበሌ ሄድኩ፤ ያኔ እንግዳ ሳያስመዘግቡ ማሳደር ያስጠይቃል። መዝጋቢው፣ «የመጡበት ጉዳይ?» አለኝ።

«ዓሣ ለመጠበቅ» አልኩ ኮራ ብዬ።

ሳቀ። «እኛማ ልንበላው ነው! ዛሬ ሌሊት ለኅብረት ሱቅ ዓሣ ገብቷል። እናትሽ ካርዷን ይዛ ቶሎ ትሂድ።»

ሮጬ ነገርኳት። እመቤታችን ልቤን አየችልኝ ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች፤ ሁለት ሰዓት ያህል በካፊያ ተሰልፋ፣ አራት ትልልቅ ዓሣ ይዛ ተመለሰች። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያስሳለችውን ቢላዋ ይዛ ጓዳ ገባች። እኔና ሽማግሌው ፀሐይ ብልጭ ብላ ስለነበር በረንዳው ላይ ተቀምጠን የሰኞውን ነገር እናወራለን። አውራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፉ ምን እንደሚባል ይጠይቁኛል፤ እኔም እንደ ሠርግ ሽማግሌ እዘረዝርላቸዋለሁ።

እናቴ ብቅ አለች። በሳህን ሙሉ ብጫ እንቁላል ይዛለች።

«አባቴ፣ እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው። ይኼ ይበላል? ሆዷ ሙሉ ነው። የሰነጠቅኳቸው ሦስቱም እንደዚሁ ናቸው።»

ሽማግሌው ሳህኑን አዩ። «አይበላም፤ ሆድ ያውካል» አሉና ተነሡ። እናቴን ተከትለው ጓዳ ገቡ። እንግዳ ወንድ ሰው ጓዳዋ ሲገባ እናቴ ግራ ገብቷት ዞራ አየችኝ። እኔም ተከተልኩ።

ገና ያልተሰነጠቀችውን አንዷን አነሡ። ሆዷን በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ዳበስ ቢያደርጉት እንቁላሉ በራሱ ጊዜ ፈሰሰ፤ መሬቱ ላይ ተንጠባጠበ።

«ይቺ ከጠጠሩ ላይ ነው የተያዘችው» አሉ።

«የዝዋይ ይሆናላ!» አልኩ። ዓሣዋን እያየሁ ነው ይህን ያልኩት። የጣናን ነጭ ዓሣ ከዝዋዩ ቆሮሶ መለየት እንጀራዬ ሆኖ፣ እያየሁት ካድኩ።

«ልጄ፣ ሐይቅ ላይ ስትያዝ እንቁላሏ እንዲህ አይፈስም። ጠጠሩ ላይ ደርሳ፣ ልትጥል ስትል ነው እንዲህ የምትሆነው።»

እግሬን አላስታውሰውም፤ ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ ኅብረት ሱቅ ደረስኩ። ሰልፉ አላለቀም ነበር። የልደታ እናቶች ዘንቢላቸውን ይዘው ይሳሳቃሉ፣ ሳጥኖቹ ላይ በረዶው ቀልጦ ይንጠባጠባል። ሻጩን ዓሣው ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁት። ደግ ሰው ነው፣ መሥሪያ ቤቴንም ያውቃል። «የናንተው ሥራ አይደል እንዴ? በርቱ!» ብሎ የመላኪያውን ወረቀት ሰጠኝ።

አዲስ የተቋቋመ የዓሣ አምራቾች ማኅበር ማኅተም አለበት። ከሥሩ «የተያዘበት ቦታ» ይላል፤ ፊት ለፊቱ የአንዱ ጠጠር ስም ተጽፏል። ከሐይቁ ዳር ሰዎች በቀር ማንም የማያውቀው ስም። በወረቀት ላይ መጀመሪያ ያሰፈርኩት እኔ ነበርኩ። ስጽፈው አንዱን ፊደል እንዴት እንደማደርገው ቸግሮኝ በራሴ ምርጫ ነበር የጻፍኩት፤ ወረቀቱ ላይ ያለውም ያው የኔው አጻጻፍ ነው።

አንዲት ሴትዮ፣ «ምን ሆነሻል፣ ልጄ? ክፉ ወሬ ነው?» አሉኝ። የዚያ ዘመን ሰው ወረቀት ይዞ የገረጣ ሰው ሲያይ የሚመጣለት አንድ ነገር ነው፤ ሞት። «አይ፣ ዓሣው ነው» አልኳቸው። ያበድኩ መስሏቸው ይሆናል። መንገዱን ሁሉ አይሆንም፣ አይሆንም እያልኩ ተመለስኩ። ሰው ያስጠበቀው ቦታ ድረስ ሌባውን በካርታ ይመራል? የተማርኩት ለዚህ ነው?

ሽማግሌው በረንዳው ላይ ተመልሰው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቆምኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ የጻፍኩትን አንብበው ነው የሄዱት።»

«ስንቱን ጻፍሽ?»

«አምስቱንም።»

«በስማቸው?»

«በስማቸው።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቦዩ ወዳለበት ወደ በሩ ዞሩ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ፣ ዓሣው የተበላሸ መስሏት፣ «በሞቴ ይንገሩኝ፣ ልጣለው?» አለች።

«አይጣልም» አሉ። «አንዴ ከወጣ ምግብ ነው። ይሥሩት።»

ሠራችው። ከአንድ ትሪ ቀረብን። እናቴ እየጾመች አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ለአክብሮት የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጇ አጎረሰቻቸው። ክርስቲያን ሴት ስታጎርሳቸው በዕድሜያቸው የመጀመሪያው እንደሆነ አውቃለሁ። ተቀበሏት፣ መረቋት። እኔ አንዲት ቁራሽ ቀምሼ እጄን ሰበሰብኩ።

እጃችንን ታጥበን እናቴ ትሪውን ይዛ ስትወጣ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስድስት ናቸው» አሉ።

አልገባኝም።

«ቦታዎቹ። ስድስት ናቸው። አንዱን አላሳየሁሽም።»

ለሁለተኛ ጊዜ ደነገጥኩ፤ ይኼኛው የባሰ ነበር። ከበጋው ጀምሮ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ሙሉ በሙሉ አምነውኛል እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ። እሳቸው በታንኳ ጭነውኝ፣ በስሜ እየጠሩኝ፣ ልጄ እያሉኝ፣ አንዱን ጠጠር አልፈውት ሄደዋል። ተናድጄ አለቀስኩ። እያለቀስኩም ደግሞ ደስ አለኝ፤ ባያምኑኝ ነው አንድ የቀረው። ይቅርታ አልጠየቁኝም፣ እኔም የት ነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም። በማግሥቱ እሑድ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተራ አሳፈርኳቸው። «ለጣቴ ሌላ ሥራ አለኝ በያቸው» ብለውኝ ሄዱ።

ሰኞ መሥሪያ ቤት ብቻዬን ገባሁ። አለቃዬና አንድ ከዕቅድ ክፍል የመጣ ሰው ተቀምጠዋል። ካርታዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ በአምስቱ ቀይ ነጥቦች ላይ ሌላ ሰው በእርሳስ ምልክት አድርጎባቸዋል። ጮህኩ። ወንዙ ይዘጋል አልተባለም ወይ አልኩ። አለቃዬ ዓይኑን ከኔ አሸሸ። የዕቅዱ ሰው ግን ሳይቆጣ፣ «መዝጋቱ ለከርሞ ይታያል፣ ጓድ። ዘንድሮ ዕቅድ አለብን» አለ። ቀጥሎ እስክሪብቶውን አነሣ።

«ማኅበሩ ቦታዎቹ እየሳሱ ነው ይላል። ሌላ ቦታ አለ?»

በዚያ ዘመን እንደዚያ ላለ ሰው መዋሸት ቀልድ አልነበረም። ሰው ከዚያ ባነሰ ነገር ከቤቱ ተወስዷል።

«የለም» አልኩ። «አምስት ብቻ ናቸው።»

«ጻፊልኝ።»

ጻፍኩ። ፈረምኩበትም።