ምጽዋ በኮልፌ

ካሳነሽ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ስታስተካክል ኖራለች። በአቶ አምሐ ፎቶ ቤት ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ፣ ኔጋቲቩ ላይ የሚታየውን የብጉር ጠባሳና የዓይን ሥር ጥቁረት በቀጭን እርሳስ ታጠፋለች። የኮልፌን ሙሽሮች እኩሌታ ያሳመረቻቸው እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካሜራ ግን አስነክተዋት አያውቁም። ሴት ከካሜራ ኋላ ቆማ ደንበኛን «ቀና በል፣ ዘንበል በል» ብላ የምታዝበት ነገር ለአቶ አምሐ አልዋጥ ብሏቸዋል።

በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግን ንዝንዟ አሰለቻቸው። አሮጌውን ካሜራ ከአንድ ፊልም ጋር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት።

«ሰኞ ጠዋት መስኮታችን ላይ የሚሰቀል ፎቶ አምጪልኝ፤ ካሜራው ያንቺ ነው። ካላመጣሽ ግን ይቺን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

ሌላዋ ብትሆን እንቅልፍ አጥታ ታድር ነበር። ካሳነሽ ለጥ ብላ ተኛች። የምታነሳውን ቀድሞውኑ ታውቀዋለች፦ የሰፈሩ ጸጉር አስተካካይ ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ወንዱን ሁሉ የምታፈዘውን፣ ባሕር ዳር እግሯን አጣምራ የተቀመጠችውን ሴት የምትመስል ሌላ ሴት። የእሷ ባሕር ምጽዋ ይሆናል። ካሳነሽ ምጽዋን በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ይሄ ደግሞ ቅንጣት አላሳሰባትም።

እሑድ ከሰዓት ጓደኛዋ ተሻለች ቤቷ መጣች። ተሻለች የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፤ በሥራ ቀን ካኪዋን እስከ አንገቷ ቆልፋ የምትሄድ፣ በዕረፍቷ ቀን ግን ሳቋ ሦስተኛ ቤት የሚሰማ። ነጠብጣብ ቀሚሷን ከትከሻዋ ዝቅ አድርጋ፣ የተዋሰችውን ጥቁር መነጽር ሰክታ፣ ባርኔጣ ስለጠፋ ሰፌድ አናቷ ላይ ደፍታ ሳጥኑ ላይ ጉብ አለች። ከኋላዋ ሰማያዊ አንሶላ በምስማር ተወጥሯል።

የቸገረው መብራቱ ነው። የቤቱ አንድ አምፖል ጭል ጭል ይላል፤ መስኮቷ ደግሞ የመሐረብ ታህል ናት። ካሳነሽ ለዚህም መላ አላጣችም። ጎረቤቷ እማማ ወለተጻድቅ ለማዕድ ቤታቸው ክዳን የገዙት አዲስ ቆርቆሮ፣ የቀበሌ ፈቃድ ሲጠብቅ ሁለት ዓመት አልጋ ሥር ተኝቷል። ለምና ተዋሰችው። ግቢው ውስጥ ከድንጋይ ጋር አስደግፋ ፀሐይዋን በመስኮቱ ወደ ቤት መለሰቻት፤ ብርሃኑ እንዳይከር መስኮቱ ላይ ነጠላ ጋረደች። የተሻለች ፊት ወለል ብሎ ታየ።

አሥር ፎቶ አነሳች። አሥሩም ንጹሕ ነበሩ፤ አሥሩም ግን ሳጥን ላይ የተቀመጠች ታይፒስት ናቸው። ባሕሩ የለም። ካሳነሽ ይህን ለራሷ አልደበቀችም፤ የሰው ፊት ስታይ የኖረች ሴት ዓይኗ አይዋሻትም። ሁለት ፎቶ ቀርቷታል፤ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው።

ይኼኔ ውጭ ቆርቆሮው ተንኳኳ። የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ ገሜዳ ጠመንጃቸውን አንግተው ግቢው መሐል ቆመዋል። የቆርቆሮው ነጸብራቅ ከመንገድ ጠርቷቸው ነው።

«ማነው ያለ ፈቃድ ቤት የሚሠራው?»

«ኸረ ፎቶ ነው፣ ጋሽ ገሜዳ!» አለች ካሳነሽ በመስኮቱ።

«ፎቶ በቆርቆሮ ይነሳል? እኔን ታሞኛለሽ? ይሄ ቀበሌ ይገባል!»

እማማ ወለተጻድቅ ከደጃቸው «ወይኔ ክዳኔን!» ብለው ጮኹ። ቆርቆሮው ከተወሰደ ካሳነሽም እሳቸውም አለቀላቸው። ልትለምን ነጠላውን ገለል ስታደርግ ጋሽ ገሜዳ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው አነሱት። ብርሃኑ ዘሎ ገባና አንሶላው ላይ አረፈ። የቆርቆሮው ሸንተረር ብርሃኑን መስመር መስመር አድርጎ ያውለበልበዋል፤ አንሶላው ውሃ ሆኖ ተንቀሳቀሰ። ካሳነሽ ልመናውን እርግፍ አድርጋ ተወችው።

«እንደዛው! ጋሽ ገሜዳ፣ እንዳይነቃነቁ!»

ድምፅዋ እንደ አዛዥ ስለነበር ሰውየው ደርቀው ቀሩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ፣ በመስኮቱ እያጮለቁ።

«ምጽዋ ነው።»

«ምጽዋ?» ተሻለችን ከነሰፌዷ አዩዋት። «ታዲያ እንዲህ ከሆነ ትንሽ ከፍ ላድርገው?»

ተሻለች አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ በሳቅ ፈነዳች። ካሳነሽ ቀጭ አደረገች። ደግማ ቀጭ አደረገች። ፊልሙ አለቀ። ጋሽ ገሜዳም ቆርቆሮውን ራሳቸው ተሸክመው እማማ ወለተጻድቅ አልጋ ሥር መለሱት።

ሰኞ አቶ አምሐ ከጨለማው ክፍል የወጣውን ፎቶ ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ከልማዳቸው እርሳስ አንስተው በተሻለች ፊት ዙሪያ የሚታረም ፈለጉ። አላገኙም። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጡት።

«ውሃው ከየት መጣ?»

«ከእማማ ወለተጻድቅ ቆርቆሮ።»

አልሳቁም። ኮታቸውን ለበሱ፣ ክራቫታቸውን አጠበቁ፣ ሄደውም ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳነሳ፣ እኔን ያነሳኝ የለም» አሉ። «በይ እንጂ።»

ካሳነሽ ከትልቁ ካሜራ ኋላ ቆመች።

«አገጭዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ጋሼ።»

አቶ አምሐ አገጫቸውን ዝቅ አደረጉ።