ዳኛውና ባለ ፔዳሏ

ባሌን ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ፕሮፌሰሩም፣ ጽዳቷም፣ ጸሐፊዋም «ዳኛው» ነው የሚሉት። ሕግ ተምሮ እንዳይመስላችሁ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ዋናው በር አጠገብ ቆሞ መኪና ያስቆማል፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን ጥላ ሥር እንደሚቆም፣ ማን ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲቀቀል እንደሚውል የሚፈርደው እሱ ነው። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም።

ማቆሚያው ሲሠራ ለሁለት መቶ መኪና ነበር። ባሌ አራት መቶ ያስገባበታል። እንዴት ብትሉ፣ መኪኖቹን በሁለትና በሦስት ረድፍ ያስጠጋና ቁልፋቸውን ይሰበስባል። ቁልፎቹ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ባለች ጣውላ ላይ በምስማር ይሰቀላሉ። ምስማሮቹ ላይ ቁጥርም ስምም የለም፤ እሱ ግን አንዱን ካንዱ አሳስቶ አያውቅም። የኬሚስትሪው መምህር አራት ሰዓት ላይ አስተምሮ እንደሚወጣ ያውቃል። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ማክሰኞ ማክሰኞ እናቷን ሐኪም ቤት እንደምትወስድ፣ ስለዚህም መኪናዋ ከኋላ መታፈን እንደሌለባት ያውቃል። ከአቅሙ በላይ መኪና ሲመጣ ደግሞ ሰዉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ዳኛው፣ እባክህ አንዲት ቦታ» ይለዋል። «የለም» ይላል። መጀመሪያ ሁልጊዜ የለም ነው። ሁለተኛ ሲለመን ይገኛል።

እውነቱን ልናገርና፣ ባሌ ልመናውን ይወደዋል። ማታ ጫማውን እያወለቀ «ዛሬ ዲኑ ሁለቴ ለመነኝ» ሲለኝ ፊቱ ላይ የማየውን ደስታ በሠርጋችን ቀን እንኳ አላየሁትም።

ያቺ ልጅ የመጣችው አምና ትምህርት ሲከፈት ነው። ዩኒቨርሲቲው የጉዞ ጉዳይ የሚባል አዲስ ቢሮ ከፍቶ እሷን አስቀመጠ። ሥራዋ ባጭሩ ሰው መኪናውን ቤቱ ትቶ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ለሠራተኛው አውቶቡስ አስመደበች። ባንድ ሰፈር የሚኖሩትን ቢሮ ለቢሮ እየዞረች መዘገበችና አራት አራት ሆነው ባንድ መኪና እንዲመጡ አስማማቻቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ጎን የብስክሌት ማሰሪያ ብረት አስተከለች። እሷ ራሷ የራስ ቁር አጥልቃ በብስክሌት ትመጣለች። ባሌ ወዲያው ስም አወጣላት፤ ባለ ፔዳሏ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። «ባለ ፔዳሏ ዛሬ ምን እንዳረገች ታውቂያለሽ?» ይላል፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ። እራት ላይ ባለ ፔዳሏ። ሻይ ላይ ባለ ፔዳሏ። ምን እንደለበሰች፣ ከማን ጋር እንደሳቀች፣ ስንት ሰው እጇን እንደጨበጣት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ጎብጬ እውላለሁ፤ አንድ ቀን ግን «ይሄ የማን ነው? አምሯል» ብሎኝ አያውቅም። ባሏ የሌላ ሴት ነገር በቀን አሥር ጊዜ ሲያነሳባት ሴት ምን ልታስብ ትችላለች?

አንድ ጠዋት አልቻልኩም። ማሽኑን ሸፍኜ ሄድኩ። ደህናውን ቀሚሴን ለብሼ ነው የሄድኩት፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከበሩ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥግ ቆሜ ጠበቅኩ። አውቶቡሱ ሲመጣ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትቀበላለች። ቀጭን ናት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፤ ሱሪዋን ሰንሰለት እንዳይነክሰው እግሩ ላይ በላስቲክ ጠፍራዋለች። ልጅ ወልደን ቢሆን ኖሮ የሷ እኩያ ትሆን ነበር። የሚወርደው ሁሉ እሷን ሰላም ሳይል አያልፍም።

ሃያ እርምጃ እልፍ ብሎ ባሌ ቆሟል፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ረድፍ ፊት ለፊት። አንዲት መኪና ብቅ ስትል «አለ፣ ቦታ አለ፣ ግቡ» እያለ እጁን ያወናጭፋል፣ ተሳፋሪ እንዳጣ ረዳት። ያ ሁለት ጊዜ ሳይለመን የማይሰጠው ሰውዬ። ዲኑ ከአውቶቡሱ ወርዶ፣ ከልጅቷ ጋር ተሳስቆ፣ ባሌን ሳያየው አለፈ። ባሌ እጁን ለሰላምታ አንስቶ ነበር። ኮፍያውን ሊያስተካክል ያነሳት አስመሰለና መለሳት።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሰውዬው ፍቅር አልያዘውም፤ ቅናት ነው የያዘው። እኔ በሱ ስቀና እሱ በልጅቷ ይቀናል። እፎይ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። የባሌን እጅ ከአየር ላይ ያስመለሰችውን ልጅ ጠላኋት። ደግሞ ሌላም ነገር ከነከነኝ፤ የዲን ሰላምታ ሲቀርበት እንዲህ የሚያዝን ሰው፣ እኔ ቤት ሲገባ «እንዴት ዋልክ» ስለው ለምን ምንም አይመስለውም?

ብዙም ሳይቆይ የቆጠራው ሳምንት መጣ። የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ስለ መኪና ማቆሚያው ሊወስን ነውና፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በዋናው በር የሚገባው መኪና በሙሉ ይቆጠር ተባለ። መቁጠሪያዋ መዳፍ ውስጥ የምትያዝ ትንሽ ብረት ናት፤ ባውራ ጣት አንዴ ሲጫኗት አንድ ቁጥር ትጨምራለች። ልጅቷ ራሷ አምጥታ ለባሌ ሰጠችው። «ጋሼ፣ ይሄን በር ከርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም» አለችው። አንድ ወረቀትም አብራ ሰጥታ ልታስረዳው ስትጀምር፣ «ወረቀቱ ለናንተ ለተማራችሁት ነው፣ እኔ ሥራ አለብኝ» ብሎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሰኞ ማታ እያፏጨ ገባ።

«ምን ተገኘ?» አልኩት።

መቁጠሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። «ሁለት መኪና ሲገባ ሦስቴ እጫናለሁ» አለኝ። «መኪና ቀነስኩ እያለች አይደል የምትዞረው? እስቲ ቁጥሩ ይናገር። ቢሮዋን ዘግተው ወደ መጣችበት ይልኳታል።»

ተው አላልኩትም። ሳቅኩ። «ሦስት ብቻ ለምን፣ አራት አራቴ ተጫንላት» አልኩት።

«ኧረ ይነቃብኛል» አለ። እሱም ሳቀ። ባንድ ነገር አብረን ከሳቅን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር። የክፋትን ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። እኛ ግን እየተጋገዝን ቆፈርን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ባለ ፔዳሏ ናት። ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ የራስ ቁሯን ብብቷ ሥር ይዛ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። «ግቢ» አልኳት፣ ደስ ሳይለኝ።

«ጋሼ፣ ሰኞ ደብዳቤው ሲደርስዎ ከሚደነግጡ ቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው» አለችው ጠረጴዛው አጠገብ ለተቀመጠው ባሌ፣ ገና ሳትቀመጥ።

ቦርዱ ወስኗል። የመኪናው ብዛት በሰው እጅ የሚቻል አይደለም ተብሏል። በሩ ላይ በካርድ የሚከፈት ማገጃ ይተከላል፤ ማቆሚያውን የውጭ ድርጅት ይረከበዋል፤ ባሌ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ወደ መጋዘን ይዛወራል።

«ያንቺ ቢሮስ?» አለ ባሌ።

«እሱ ይቀጥላል። እኔን ያሳዘነኝ እሱ አይደለም። ያን ጊዜ የሰጠሁዎትን ወረቀት አላነበቡትም እንዴ?»

ከቦርሳዋ ሌላ ቅጂ አውጥታ አነበበችልን። ለቦርዱ ያቀረበችው የራሷ ሐሳብ ነው። በቀን የሚገባው መኪና ከአራት መቶ በታች ከወረደ ማገጃ አያስፈልግም ይላል። ማቆሚያው እንዳለ ይቀጥላል፤ ብስክሌቱም፣ ባንድ መኪና የሚመጡትን መመደቡም ባንድ ኃላፊ ሥር ይሆናል። ኃላፊው ማን እንዲሆንም ጽፋለች፤ የባሌን ሙሉ ስም፣ ከነአባቱ ከነአያቱ።

«አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነው የሚመጣው» አለች ልጅቷ። «ዝርዝሩ ላይ ከመቶ ሃያ ሰው በላይ አለ። መኪናው ግን ከአምናው ብሶ በቀን አምስት መቶ አርባ ሆነ። ስንቴ ደመርኩት መሰለዎት። እርስዎ ያውቃሉ ጋሼ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ባሌን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። ጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት፣ ዝም በል ማለቴ ነው። ዝም ካለ መጋዘን ነው፤ መጋዘን ደግሞ ሥራ ነው። አፉን ከከፈተ ጨርሶ ሊባረር ይችላል።

እግሩን ሰበሰበ። «አልተሳሳትሽም» አለ። «እኔ ነኝ። ሁለት ሲገባ ሦስት እቆጥር ነበር።»

ልጅቷ መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ከዚያ «ለምን?» አለች።

«ድሮ ሰዉ ሰላም የሚለው እኔን ነበር።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ ደስ ባለኝ፤ የምመልስላትን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይሄን ለቦርዱ ከጻፍኩት ውሳኔው ይነሳል» አለች። «ማገጃውም ይቀራል። ግን ጋሼ፣ እርስዎን ወደዚያ በር አይመልሱዎትም። መጋዘኑንም ሊከለክሉዎት ይችላሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ካልጻፍኩት ደግሞ…»

«ካልጻፍሽው ልፋትሽ ሁሉ ውሸት ሆኖ ይቀራል። ጻፊው። ማቆሚያው በሰው እጅ ይቆይ፣ ሰውዬው እኔ ባልሆንም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» አልኩ እኔ።

«እውነተኛው ቁጥር ግን የለንም» አለች ልጅቷ። «እንደገና ማስቆጠር ሊኖርብኝ ነው።»

«ብታስቆጥሪም ያው ነው የሚመጣው። ያዢ።» ዓይኑን ጨፈነ። «ሰኞ ሦስት መቶ ሰባ አንድ። ማክሰኞ ሦስት መቶ ስልሳ ስድስት። ረቡዕ ዘንቦ ስለነበረ ሦስት መቶ ሰማንያ ገብቷል። ሐሙስ ሦስት መቶ አምሳ ሁለት። ዓርብ ሦስት መቶ አርባ አራት።»

አውራ ጣቱ ሲዋሽ ጭንቅላቱ አንድም ሳያጎድል ይቆጥር ነበር ማለት ነው። ያን ሳምንት እያፏጨ ሲገባ ልጅቷ እንዳሸነፈችው ከማንም በፊት ያውቅ ነበር።

«አምስቱንም ቀን ከአራት መቶ በታች ነው» አላት። «ዲኑ እንኳ መኪናውን ካመጣት ወር አለፈው። ተሳክቶልሻል ልጄ። ሥራን እንዳንቺ የሚሠራ ሰው አላየሁም።»

ልጅቷ እያለቀሰች ትጽፋለች። እሱ አጠገቧ ጎንበስ ብሎ፣ አንዱን ቁጥር ስትስት በጣቱ እያሳየ ያርማታል። የባሌ የሃያ አንድ ዓመት ሥራ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ እያለቀ ነበርና ማዘን ነበረብኝ፤ አዝኛለሁም። ግን ያን «እንዳንቺ የሚሠራ አላየሁም» የሚል ቃል እኔ ከተጋባን ጀምሮ፣ ማሽኔ ላይ ጎብጬ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ለሷ ነው የሰጣት። ቀናሁ።