የልጄ ጉልበት

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በልጄ እግር ላይ፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ፣ አንድ እብጠት ወጣ። ሲነኩት ጠንካራ ነው፤ እሷም ሲነኩባት ትሸማቀቃለች። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ሯጭ ናት። ሞጣ ላይ ለሚደረገው የተማሪዎች ውድድር ትምህርት ቤቷ መርጧት ስለነበር ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ቢቸና መቼም አዋቂ ሞልቷል። ጎረቤቴ ውልቃት ነው አለች። የስፖርት አስተማሪዋ ተጋጭታ ይሆናል፣ ስትሮጥ ይለቃታል አለ። ወጌሻው ሁለት ጊዜ አሻት፤ ሁለቱንም ጊዜ እያነከሰች ተመለሰች። ሁሉም ስም ያወጣለታል፣ እብጠቱ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔም አንገፈገፈኝ። ሰው ያቃተውን ለፈጣሪ ይሰጣል ብዬ፣ ጾሙ ሲገባ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት እንድትሰግድ አዘዝኋት። አጠገቧ ቆሜ የምቆጥረው እኔው ነበርሁ። በጉልበቷ ወርዳ፣ ግንባሯን መሬት አስነክታ ትነሣለች። ሃያ ላይ ስትደርስ ከንፈሯን መንከስ ትጀምራለች።

የጾሙ አጋማሽ ላይ ሞጣ ሄድን። ሁለተኛውን ዙር ሳትጨርስ ከመሮጫው ወጥታ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። አስተማሪው ላይ ጮህሁበት። ምንም አላደረገም፤ በቅርብ የተገኘው ግን እሱ ነበር። ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኋት።

ያየን ሐኪም ከደቡብ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ሌሊት ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል ወይ፣ ትኩሳት አለሽ ወይ፣ ከስተሻል ወይ እያለ ጠየቃት፤ ሁሉንም አይ አለች። ራጅ አስነሥቶ ካየ በኋላ፣ አጥንቷ ገና እያደገ ነው አለኝ። የጭኗ ጡንቻ ከጉልበቷ በታች የተያያዘበትን ቦታ ሩጫው ሲጎትተው ያብጣል፤ በሚሮጡ ልጆች ላይ የተለመደ ነው። ለጊዜው ሩጫውን ጋብ ታድርግ፣ ማሸትም ይቅር፤ እብጠቱ ከጨመረ ወይም ሌሊት ካመማት ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት አለ። እፎይ አልሁ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድሁ። ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው አጥቼ ነው ውድድሯ ያመለጣት?

ሐኪሙ ግን አልጨረሰም። «በጉልበቷ የምትንበረከክበት ሥራ አለ እንዴ? ቦታው ላይ ጫና ይበዛበታል» አለ።

ልጄ አቀርቅራ ወለሉን አየች።

ቢቸና እንደገባን በንዴት ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋቱን የማካፍለው ሰው ፍለጋ ነው የሄድሁት። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው።

«የታመመ ሰው ስግደት የለበትም» አሉኝ። «ይህን አታጪውም። ማን አዘዛት?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ሲያማት አልነገረችሽም?»

«ነግራኛለች።»

«ምን አልሻት?»

«ሲያምሽ ነው ዋጋ የሚኖረው አልኋት።»