ከሻሽ ሥር የነበረ ቆረቆር

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ላቦራቶሪ አንዲት ተለማማጅ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ፣ «እትዬ ውባለም፣ ይምጡ እስቲ ይዩት፤ እንዴት ጥርት ብሎ ወጥቷል!» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። የሰው ጸጉር ነው፤ ዙሪያውን ጥቃቅን ክቦች እንደ ጨሌ ከበውታል። «ቆረቆር ነው» አልኳትና ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ያን ቀን እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ።

እኔና የሻረግ ደብረ ማርቆስ የጤና ትምህርት ስንማር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እሷ የይጁቤ ልጅ ናት፤ እኔ የደብረ ኤልያስ። ስንቃችን አንድ ነው። እናቴ ዳቦ ቆሎና በሶ በእህል መኪና ትልክልኛለች፤ የእሷ ቤተሰቦች ድርቆሽ። ጥቅምት ገብቶ የማርቆስ ውርጭ ጣት ሲያደነዝዝ ድርቆሹን በሽሮ ፈትፍተን ከአንድ ሳህን እንበላለን። ሰው የሚዋደደው ሲደላው ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሲቸግረው ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ ቆረቆር ወጣብኝ። የሕፃናት በሽታ ነው የሚባለው፤ እኔ ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ያውም ጤና ተማሪ! ጸጉሬ በክብ ተመልጦ ቅርፊት ያዘ። ሻሼን ከራሴ አላወርድም። የነገርኩት ለየሻረግ ብቻ ነው። በየጠዋቱ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ትቀባኝና የተመለጠው እንዳይታይ አድርጋ ጸጉሬን ትሠራኛለች። «ከእኔና ከአንቺ አይወጣም» ትለኝ ነበር፣ ሳልጠይቃት።

ስለ ፈንገስ መማር የጀመርነው ያኔ ነው። መምህራችን የሻገተ ዳቦ ይዞ ገባ። ያ ጥጥ የሚመስለው ነገር ሃይፋ የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች መሆኑን፣ ክሮቹ ሲጠላለፉ ማይሲሊየም እንደሚባሉ፣ ስፖር ደግሞ እንደ ዘር ተበትኖ ባረፈበት እንደሚበቅል አስረዳን። እርሾም ፈንገስ ነው ሲለን ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሱ ክር አያበጅም፤ ከጎኑ እንደ እምቡጥ ልጅ እያወጣ ይራባል። ትምህርቱ ሲያበቃ፣ «ፈንገስ የሰው ቆዳና ጸጉርም ይይዛል፤ ከሰው የተወሰደ ናሙና ላመጣ ተጨማሪ ነጥብ አለው» አለ።

በተግባር ትምህርቱ ቀን የሻረግ ከደብተሯ መሐል የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ውስጡ ጥቂት የተሰባበሩ ጸጉሮች ነበሩ። መምህሩ መስተዋት ላይ አስቀምጦ፣ ጸጉሩን የሚያሳሳ ፈሳሽ ጠብ አደረገበትና ተሰልፈን በማይክሮስኮፑ እንድናይ ፈቀደ። ተራዬ ደረሰ። እንደ ሸንበቆ በአንጓ የተከፋፈሉ ክሮች አየሁ፤ በጸጉሩ ዙሪያ ደግሞ ስፖሮቹ ተደርድረዋል።

«እንዴት ያምራል!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ከማን ወሰድሽው?» አላት መምህሩ።

የሻረግ ወደ እኔ አላየችም። «ከውባለም» አለች።

ጠዋት ስትሠራኝ ሳብ ሳብ ስታደርገኝ፣ «አመመሽ? ተጠላልፎብሽ ነው» ያለችኝ ትዝ አለኝ። አጠገቤ የቆመችው ልጅ ፈቀቅ አለች። ከኋላ አንዱ፣ «ሻሹ ለካ ለዚህ ነው!» ብሎ ሳቀ። መምህሩ ገሠጸውና ቀስ ብሎ፣ «የሚቀባ ነገር አያድንሽም። የሚዋጥ መድኃኒት አለው፤ ጤና ጣቢያ ሂጂ» አለኝ። ሌላውን አልሰማሁም፤ ወጥቼ ሄድኩ።

ቤት ስትደርስ ልብሴን እያጠፍኩ ነበር።

«ለአንቺው ብዬ ነው» አለች። «ዝም ብልማ ሽንኩርት ስንቀባ ራስሽ ያልቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እምቢ ትይ ነበራ!»

«ነጥቡስ?»

ደብተሯን አልጋው ላይ አስቀመጠች። የተረፈውን ዳቦ ቆሎ እኩል ከፍዬ የእሷን ትቼላት ወጣሁ።

መድኃኒቱን ዋጥኩ፤ በሁለት ወር ውስጥ ጸጉሬ ይበቅል ጀመር። የከፋኝም ይኸው ነው። ስለ ሽንኩርቱ እውነቷን ነበር፤ ክፉኛ ብትጎዳኝ ኖሮ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን ተሳሳምን። ነገሩን አላነሣችውም፤ የረሳችው ይመስለኛል። ለነፍስ አባቴ ይቅር ብያታለሁ ብያለሁ፤ ውሸት አይመስለኝም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ጸጉሬን ሰው ነክቶት አያውቅም። ልጄ ለዓመት በዓል «እማዬ፣ ቁጭ በይ ልሥራሽ» ስትለኝ፣ «እጅሽ ይደክማል» እላታለሁ። ራሴ እጎነጉነዋለሁ፤ ከኋላ በኩል ሁልጊዜ ጠማማ ይወጣል።