ቦዩ ውስጥ የተገኘው ቋጠሮዬ

ይህን ሰፈር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ አላምንም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት የጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ፣ ከስኳርና ከሲሚንቶ ከረጢት ጽሑፍ ነው። ዛሬ ያገኘሁትን ጋዜጣ ሁሉ አነባለሁ፤ የመንደራችንን ማመልከቻ የምጽፈውም እኔ ነኝ። ጭነት ማሰርንም ማንም አላስተማረኝም፤ እኔ ያሰርኩት ሸራ መንገድ ላይ ተፈትቶ አያውቅም። ላፍቶ ገና የእርሻ ማሳ ሳለ መጥቼ ቤት ሠራሁ። ስለዚህ መንደሩ የጽዳት ኃላፊ ሲፈልግ ወደ ማን እንደሚመጣ ግልጽ ነበር።

አንድ ነገር ግን ኃላፊ ሆኜም አልገባኝም። ድሮ ከቤታችን የሚወጣው አመድና ልጣጭ ነበር። አመዱ ጓሮ ይደፋል፣ ልጣጩን የጎረቤት በግ ይበላዋል። አሁን ጓሮውም በጉም የለም። እኔና ባለቤቴ ሁለት ሽማግሌዎች ነን፤ የምንበላው ቀንሷል፣ ቆሻሻችን ግን ጨምሯል። ፌስታሉ ራሱ በፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣል። “ይሄን ሁሉ ማን አመጣው?” ስላት፣ “ከሀይሌ ጋርመንት ገበያ ይዘኸው የገባኸው አንተው ነህ” ትለኛለች።

ቆሻሻ አንሺዎቹ በጋሪ ሲመጡ ጆንያው እየተፈታ መንገዱ ላይ ይበተን ነበር። በየበሩ ዞሬ የጭነት ቋጠሮዬን ለሁሉም አስተማርኩ። አንዴ ከጠበቀ ውሻም አይፈታውም፤ ሽታውም ይቀንሳል። አንሺዎቹ እንኳን “ጋሼ፣ አሳረፉን” ብለውኛል።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ መንገዱ ጭቃ ሆነና ጋሪው ቀረ። አንድ ጠዋት ቦዩ ሞልቶ፣ ከቦዩ ሥር ካለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ቤት ውሃ ገባ። ለትምህርት መክፈቻ የተቀበለችው የዩኒፎርም ጨርቅ ረጠበ። የመንደሩ ወንዶች ቦዩን ምን እንደዘጋው በዶማ ሲፈልጉ አንድ ጆንያ አወጡ። ጎረቤቴ መጀመሪያ ያየችው ቋጠሮውን ነው።

“ጋሼ፣ ይሄ የማን ቋጠሮ ነው?”

“የኔ ነው።”

“ጆንያውስ?”

“እሱ የኔ አይደለም።”

“ቋጠሮው የርስዎ፣ ቆሻሻው የሰው። ጥሩ ክፍፍል ነው” አለ አንዱ ዶማውን ተደግፎ። ሰው ሳቀ።

ሌላ ጆንያ ወጣ፤ እሱም በኔ ቋጠሮ የታሰረ። ቀጥሎ የወጣውም እንደዚያው። ግራ ገባኝ። ባለቤቴ ከደጃፍ ሆና፣ “መንደሩን ሁሉ ያስተማረው ማን ሆነና” አለች። እውነቷን ነው። ቆሻሻ ሲበተን ሰው ያፍር ነበር፤ እንዲህ ሲታሰር ግን ደህና ዕቃ ይመስላል። ጋሪው ሲቀር ቦዩ ዳር ቢያስቀምጡት አያሳፍርም፤ ከዚያ ጎርፉ ይወስደዋል። ጥሩ ሥራ ሠርቼ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ማሰብ ጀመርኩ፤ እስካሁን አልጨረስኩም።

ጎረቤቴ ግን አልበረደላትም። “ይፈታና ይታይ” አለች። “ቦይ የደፈነ ሰው የጽዳት ኃላፊ ሆኖ አይቀጥልም።” ሁሉም ተስማሙ። የረጠበውን ቋጠሮ መፍታት የሚችል ስለጠፋ እኔው ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ፈታሁ።

አፉን ገለጥ ሳደርገው ሰማያዊ የጨርቅ ቁርጥራጭና ክሩ ያለቀ ማጠንጠኛ ነው። በመንደራችን ልብስ ሰፊ እሷ ብቻ ናት። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሌላ ሰው አላየም። የረጠበ ጨርቅ በክንዷ ይዛ ውሃው በክርኗ ይንጠባጠብ ነበር።

መልሼ ቋጠርኩት።

“ምን አለበት?” አሉኝ።

“የኔ ነው” አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ያላጠፋሁትን ቀርቶ ያጠፋሁትንም ቶሎ የማምን ሰው አይደለሁም። ቤት ስንገባ ባለቤቴ ጣቴ ላይ የቀረ ሰማያዊ ክር አንስታ አየችና ጣለችው።

ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ገመድ በቅጡ ማሰር ለማይችል ሰው። ጎረቤቴ ለጥቂት ጊዜ ስታየኝ መንገድ ትቀይር ነበር። አንድ ቀን ግን ደጃፌ ላይ ቆማ፣ “ጋሼ፣ ሱሪዎ መሬት እየነካ ነው። ያምጡት፣ ላሳጥርልዎ” አለች። ሱሪውን አምጥቼ ሰጠኋት።

እንግዲህ ኃላፊ ሳልሆን የሠራሁት ይህ ነው፦

ቦዩን እስከ ታችኛው መንገድ ድረስ አስጠረግኩ።

የጎረቤቴ የስፌት መኪናና ጨርቅ የሚቀመጡበት ከፍ ያለ የእንጨት መደብ በገዛ እጄ ሠራሁ፤ ውሃ አይደርስበትም።

ጋሪው ሳይመጣ ጆንያ ከግቢ እንዳይወጣ መንደሩን አሳመንኩ። አዲሱ ኃላፊ የሱ ሐሳብ ነው ይላል።

ሱቅ በዘንቢል መሄድ ጀመርኩ፤ ቆሻሻችን ለምን አሁንም እንደማይቀንስ ግን አልደረስኩበትም።

አንድ ጆንያ ፈትቼ መልሼ ቋጠርኩ። ማንም ሳይፈታው በጋሪ ሄደ።