ዘመድ የማይወዱ ዓሦች

ባለቤቴ ያን የመስታወት ገንዳ ቤት ያስገባ ቀን እስኪመሽ አኩርፌው ዋልሁ። ገንዳው የአንድ ሆቴል ንብረት ነበር። ሆቴሉ እንግዳ ጠፍቶበት ሲዘጋና ዕቃው ሲሸጥ፣ ሰው ሁሉ በአልጋና በፍራሽ ሲሻማ፣ የእኔ ባል ርዝመቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ባዶ መስታወት በአይሱዙ አስጭኖ አዘዞ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ሳሎናችን ውስጥ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ቡፌዬ ከነብርጭቆው ወደ ጓዳ ተባረረ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አልሁት።

«ዘንዶ አይደለም፣ ሲክሊድ ነው የማመጣ» አለኝ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው።

ሲክሊድ የሚላቸው ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ የሆነ ትናንሽ ዓሦች ናቸው። ሰማያዊ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ብርቱካናማ አለ። ከጎርጎራ እየመጣልን ጠብሰን የምንበላው ቆሮሶ የሥጋ ዘመዳቸው ነው ቢባል ማንም አያምን። አዲስ አበባ እያረባች የምትሸጥ አንዲት ሴት በስልክ አግኝቷል። እኔ ኩርፊያዬን የተውሁት ለማን እንደሚያመጣቸው ሲገባኝ ነው።

ለአባቱ ነበር። አማቴ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው ናቸው። የባለቤቴ እናት ሲያርፉ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብለን ወደ እኛ አመጣናቸው። መጡ እንጂ አልኖሩም። በሩ አጠገብ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ የወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። እህል ሲቀርብ ሁለት ጎርሰው «ጠገብሁ» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ዛሬ ወደ አገር የሚሄድ ማኪና አለ?»

«ያን ባዶ ቤት ብቻቸውን ከገቡ አንድ ክረምት አይከርሙም» አለኝ ባለቤቴ አንድ ቀን። አባቱን እኛ ዘንድ የሚያስርበት ነገር ፍለጋ ላይ ነበር። ላም እንዳይገዛላቸው ግቢያችን ለአንድ ፍየል እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ከብቱን በመስታወት ውስጥ ሊያረባላቸው አሰበ። ይኼ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያስብ በጣም እወደዋለሁ፤ ለራሱ ግን አልነግረውም፣ ይኮራብኛል።

ሻጯ የላከችውን ፎቶ መጀመሪያ ያሳየናቸው ዕለት አማቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተመለከቱ።

«ስንቱ ተሰብስቦ ነው አንድ ድስት የሚሞላ?»

«አያ፣ የሚበሉ አይደሉም» አለ ባለቤቴ። «የሚታዩ ናቸው።»

«ለመታየት ብቻ?» ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና እንደ በሬ በመልካቸው ይለዩዋቸው ጀመር። «ይኼ ቡሬው ሸጋ ነው። ይኼ ዳልቻ ነው። ይኼ ደግሞ፣ ኧረ እዪው፣ ግንባሩ ቦቃ!»

ከለቅሶው ወዲህ አንድን ነገር ደግመው ሲያዩ ያን ጊዜ አየኋቸው። ባለቤቴ ውኃ ልጠጣ ብሎ ወጣና ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ።

ምርጫው እንግዲህ የእሳቸው ሆነ። ሻጯ አስቀድማ መክራናለች፤ የሚመሳሰሉ ወንዶች አንድ ላይ አታድርጉ ብላለች። አማቴ ግን ስንቱን ያጋቡ፣ ስንቱን ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ሌላ ሰው ሲነግራቸው አይወዱም።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» አሉ። «ባዳን ከባዳ በአንድ ውኃ ማዋል ምን ይሉታል? ወንድማማቾቹን አምጣ።»

ወንድማማቾቹ ያሏቸው ሰማያዊ ሆነው ጥቁር ሽንትር ያለባቸውን አምስት ወንዶች ነው። ባለቤቴ፣ አባቱ አንድ ነገር «አምጣ» በማለታቸው ብቻ ደስ ብሎት፣ የሻጯን ምክር ዋጥ አደረገው። እሷም «በኋላ እንዳትወቅሱኝ» ብላ ላከች።

ዓሦቹ ውኃና አየር በተሞላ ፌስታል ታስረው በአውሮፕላን መጡ። አማቴ ወንበራቸውን ከበሩ አንሥተው ገንዳው ፊት አስቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ስለ ማኪና አልጠየቁም። መብራት ሲጠፋ ውኃውን የሚያናፍሰው ፓምፕ ይቆማል፤ ያን ጊዜ እሳቸው በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱታል፣ መብራት እስኪመጣ። የዓሦቹ ምግብ ከዓሣ ዱቄት እንደሚሠራ የሰሙ ዕለት ደግሞ ደነገጡና ረቡዕና ዓርብ ከቅቅል ቆስጣ በቀር አይቀምሱም ብለው ፈረዱ። ሻጯ ይህን ስትሰማ «እነዚህ'ኮ ቅጠል በሎች ናቸው፣ ተስማምቷቸዋል» አለች። አማቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «የእኛዎቹ ጿሚ ናቸው» እያሉ አወሩ።

ጾሙ ግን ጠቡን አላስቀረውም። ከአምስቱ ተለቅ ያለው ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር የራሱ አደረገ። ሌሎቹን ያሳድዳል፣ ክንፋቸውን ይቦጭቃል። እነሱ ከውኃ ማሞቂያው ጀርባ ይወሸቃሉ፤ እዚያም ተከትሎ ያወጣቸዋል። አማቴ መስታወቱን በጣታቸው እየመቱ ይገሥጹታል። «ምነው አንተ? ወንድምህ አይደለም?» እሱ አይሰማም። አንድ ጠዋት ትንሹ በጎኑ ተንሳፍፎ ተገኘ።

አማቴ በእጃቸው አውጥተው ግቢው ጥግ ጌሾው ሥር ቀበሩት። ሲገቡ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«የሞተው እኔ የመረጥሁት ነው» አሉ። «ሰው ቤት ገብቼ ሞት አስገባሁ። በል ልጄ፣ ማኪና ፈልግልኝና ልሂድ።»

ባለቤቴ ወንበር ሳበላቸው። እኔ ግን ንዴቴ መጣ። በዓሣው ተናደድሁ፣ በሻጯ ተናደድሁ፣ የራሳችን ቤት «ሰው ቤት» በመባሉ ደግሞ አንጀቴ ተቃጠለ። ስልኬን አንሥቼ፣ አማቴም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ልጮህባት ሻጯ ጋ ደወልሁ። ሴትየዋ ጩኸቴን ጨርሳ ሰማችና በቀስታ መለሰችልኝ።

«እህቴ፣ እነዚህ ዓሦች የሚጠሉት የሚመስላቸውን ነው። ቢጫው በአፍንጫው ሥር ቢያልፍ ሰማያዊው ግድ የለውም። የራሱን መልክ የያዘ ሲመጣ ግን ሚስቴንና ቤቴን ሊወስድብኝ ነው ይላል። መልካቸው የማይገናኝ ቀላቅሉ። ለአንድ ወንድ ብዙ ሴት አድርጉለት። ሥጋ በሎቹን ዓይነት አትጨምሩ። ቁጥራቸውንም አብዙት፤ ሲበዙ ጠበኛው ማንን እንደሚያሳድድ ይጠፋዋል።»

«መደበቂያስ?»

«ድንጋይ እስከ ላይ ካቡላቸው። አዲሶቹን ስታስገቡ ደግሞ የነበረውን ሁሉ አፍርሱና እንደ አዲስ ደርድሩት። ያን ጊዜ ነባሩም እንግዳ ይሆናል፤ ሁሉም እኩል ቤት ይፈልጋል።»

ስልኩ ሲዘጋ አማቴ ፊታቸውን ወደ ገንዳው አዞሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ እየሳቁ ኖሯል።

«እንዴ! የጉርብትና መስሎኝ፣ ለካ የጋብቻ ነው!» አሉ። «ምነው ቀድማ እንዲህ ብትለኝ? ሰባት ቤት ቆጥሬ አልመርጥም ነበር?»

በእኛ አገር ሰው ሊጋባ ሲል ትውልዱ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። እኔና ባለቤቴ ስንጋባም የቆጠሩት እሳቸው ናቸው። አምስተኛው ቤት ላይ አንድ አጠራጣሪ ሰው አግኝተው አጎቴን ላብ በላብ አድርገውታል። አሁንም ያንኑ ፊታቸውን ይዘው ተቀመጡ።

«ፎቶውን አምጭ፣ ልጄ።»

ያን ቀን ከሰዓት ቤታችን የሽማግሌ ሸንጎ ሆኖ ዋለ። «ይኼና ይኼ አይሆኑም፤ ይዛመዳሉ» ይላሉ። «አያ፣ አንዱ ቢጫ ነው፣ አንዱ ብርቱካን ነው'ኮ» እላለሁ። «ቀለም አትይ፣ አፍንጫውን እይ። ሦስት ቤት አይሞላም» ይሉኛል። እኔ ለሻጯ እየደወልሁ አረጋግጣለሁ። አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ፤ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ሲሳሳቱ ሻጯን «ይች ልጅ ዘር አታውቅም» ብለው ያልፋሉ። በመጨረሻ አንድ ቢጫ፣ አንድ ነጭ፣ አንድ የዛገ ቆርቆሮ የመሰለ ወንድ ከነሴቶቻቸው ተመረጡ። ከሰማያዊዎቹ ትልቁ ብቻ ይቀራል፤ የተረፉትን ወንድሞቹን ሻጯ መልሳ ልትወስድ ተስማማች፤ ለእሱም ሴቶች ይመጡለታል።

የቀረው ድንጋይ ነው። ባለቤቴ ከቀሐ ወንዝ ለቅሜ አመጣለሁ ሲል አማቴ ከለከሉት።

«የእኔ አገር ድንጋይ አልቆ ነው? ደርሼ እመጣለሁ።»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ባለቤቴ አብሬዎት ልሂድ ቢላቸው እምቢ አሉ። የገዛ አገሩን እንዳያይ ተብሎ ሽማግሌ አይታሰርም፤ ሚኒባስ አሳፍሯቸው ተመለሰና ሶፋው ላይ ተዘረጋ።

«ድንጋዩ ሰበብ ነው። አይመለሱም» አለኝ።

«ይመለሳሉ» አልሁት። አላመንሁም፤ ብቻ እንዲያ ማለት ነበረብኝ። ስልካቸው አልሠራ አለ። ሳምንት ሆነ። ሻጯ ዓሦቹን ልላክ ወይስ ይቆዩ እያለች ትጠይቃለች፤ እኛም ይቆዩ እንላለን። ባለቤቴ ገንዳው ፊት በቆመው ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ከለከለ፤ እኔንም ጭምር።

ቅዳሜ ቀን ሚኒባስ በራችን ላይ ጥሩምባ ነፋ። ረዳቱ ከጣሪያው ላይ ጆንያ እየጎተተ «አባባ፣ አዘዞ ድንጋይ የለም?» እያለ ያማርራል። አማቴ አቧራ ለብሰው ከሚኒባሱ ወረዱ። ባለቤቴ ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ። ጆንያውን ግቢ ውስጥ ስንፈታው ብዙው የካብ ድንጋይ ነው። ከሥሩ ግን በአሮጌ ነጠላ ለብቻ የተጠቀለለ ሌላ ነገር ነበር። ባለቤቴ ፈታው። ሦስት ድንጋዮች ናቸው፤ ጥላሸት ጠጥተው የጠቆሩ።

አንዱን አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«ይኼ የእናቴ ጉልቻ ነው» አለ።

ጉልቻ ከምድጃ የሚነቀለው ቤቱ ሲፈታ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አማቴ ዱካ ስበው ተቀመጡና አንዱን ድንጋይ ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጆንያው ጫፍ ይፈትጉት ጀመር።

«አያ፣ ምነው ነቀሉት?» አለ ባለቤቴ። «አገር ሲገቡ ምን ላይ ሊጥዱ ነው?»

«ማን ሊገባ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይልቅ ሙቅ ውኃ በይልኝ፣ ልጄ፤ ጥላሸቱ አልለቅ አለኝ፤ የዓሦቹን ውኃ ያጠቁራል።»

ውኃውን ልጥድ ጓዳ ገባሁ፤ መጀመሪያ ግን አለቀስሁ።