ቡሽ አሽታቿና የሚጠመዘዘው ክዳን

በወይን ፋብሪካው ውስጥ እሷ ያላሸተተችው ቡሽ ጠርሙስ አፍ አይገባም ነበር። ከየከረጢቱ ጥቂት ታነሣለች፣ በንጹሕ ውሃ ነክራ ታሳድራለች፣ ጠዋት ውሃውን ታሸታለች። እርጥብ ካርቶን የሸተተ ቡሽ ወይኑንም ያንኑ ስለሚያሸተው፣ ከረጢቱ ወደ ሻጩ ይመለሳል። ለአፍንጫዋ ስትል ሽቶ አትቀባም፣ በሥራ ቀን ነጭ ሽንኩርት አትቀምስም። ሠራተኛው «እትዬ አፍንጫ» ይላታል፤ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

በቡሽ ፈንታ የሚጠመዘዝ ክዳን የሚገጥመው ማሽን ሲመጣ ጥርጣሬዋ ያረፈው አማቿ ላይ ነው። የፋብሪካው መካኒክ እሱ ነው፣ ማሽኑንም የተከለው እሱ። ቤት ውስጥ ሲስቅ እንኳ «ምን አስቦ ነው?» ትላለች።

«ልጄን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ሥራዬን?»

«እማዬ፣ እኔ ብሎን ነው ያጠበቅኩት።»

«ማን አንገት ላይ?»

የጠመቃ ኃላፊው ነገሩ በቅምሻ ይለይ አለ። ከአንድ በርሜል ተቀድቶ ግማሹ በቡሽ፣ ግማሹ በክዳን ለሙከራ ታሽጎ የከረመ ወይን ነበረ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግር በሁለት ማንቆርቆሪያ አቀረበው። ቡሹ ከተረታ እሷ ሌላ ሙያ የላትም። አማቿን ከክፍሉ አስወጥታ በሩን ራሷ ዘጋች።

ከእሷ ጋር ለቅምሻ የተጠሩት ሁለቱንም ቀምሰው «ደህና ነው» አሉ። እሷ ሁለተኛውን ብርጭቆ አፍንጫዋ ስር አድርጋ ቀረች። በጣም ስስ ነው፣ ግን አለ። እርጥብ ካርቶን።

ኃላፊውን በጎን አየችው። አውቆ ይሆን ይሄን ያቀረበልኝ? ወይስ እሱም አልሸተተውም? ዝም ብትል ቡሹም እሷም ይቀጥላሉ። ብርጭቆውን አስቀመጠች፤ መልሳ አነሣችው።

«ሁለተኛው ተበላሽቷል። ቡሽ ነው። ከረጢቱንም ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።»

«አብዛኛው ጠጪ እኮ አይለየውም» አላት ኃላፊው።

«እኔ ለየሁታ።»

ቡሽ መግዛት ቆመ። እሷን ማሽኑ ጫፍ ላይ አስቀመጧት፤ ክዳኑ በደንብ መግጠሙን በእጇ እየሞከረች ታሳልፋለች። አማቿ ዘይት ሊያጠጣ ሲመጣ ባዶ ክዳን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አገኛት።

«እማዬ፣ ምን ያሸታሉ? እሱ እንደሁ ምንም አይሸት።»

«ያልወደድኩለትም እሱን ነው» አለችና ሌላ ክዳን አነሣች። «ምንም የማይሸት ነገር ምን እንደደበቀ በምን ይታወቃል?»